ሳሎናችሁ ስንት ሜትር ነው? ስለ ፕራይም ሌንስና ስለ ኤዲት

«ምን ሌንስ ልግዛ?» የሚለኝ ሰው ሰሞኑን በዝቷል። ካሜራ ይዞ የሚዞር ሰው ሁሉ ይህ ጥያቄ ይደርሰዋል። ጠያቂው ካሜራውን ከነኪት ሌንሱ ገዝቷል። ጥቂት ጊዜ አንስቶበታል። ከዚያ ዩቲዩብ ላይ አንዱ «ፕራይም ሳትይዙ ፎቶ የለም» ዓይነት ነገር ሲናገር ሰማ። አሁን ብሩን አጠራቅሞ መጥቷል። እኔ ደግሞ መልስ ከመስጠቴ በፊት አንድ ነገር እጠይቀዋለሁ፤ «ሳሎንህ ስንት ሜትር ነው?»

ይስቃል። እኔ ግን የምሬን ነው።

ለማያውቀው፣ ፕራይም ማለት ዙም የማያደርግ ሌንስ ነው። ሌንስ ላይ በሚሊ ሜትር የሚጻፈው ቁጥር ሲያድግ እይታው ይጠባል፤ የፕራይም ቁጥር ግን አይለወጥም። 35 ከሆነ 35 ነው፤ 50 ከሆነ 50 ነው። መቅረብም መራቅም በእግር ነው። ይህን የምንታገሰው በዋናነት ለብርሃን ስንል ነው። ከካሜራው ጋር የሚመጣው 18-55 ዙም፣ 55 ላይ ሲደርስ ከኤፍ 5.6 በላይ አይከፈትም። 50ዋ ፕራይም ግን እስከ ኤፍ 1.8 ትከፈታለች። የኤፍ ቁጥር ሲያንስ ነው ሌንሱ ሰፍቶ የሚከፈተው። በቁጥር ሲታይ ያን ያህል አይመስልም። በብርሃን ግን አስር እጥፍ ሊሞላ ትንሽ ነው የቀረው። ኪቱ አይኤስኦ (ካሜራው ለብርሃን ያለው ስሜት፤ ሲጨምር ፎቶው ይሻክራል) 6400 የሚጠይቅበት ክፍል ውስጥ 50ዋ በ640 ትገላገላለች። መብራት በጠፋበት ማታ የልደት ሻማ ሲለኮስ ያነሳ ሰው ይህ ምን ማለት እንደሆነ ያውቀዋል።

ችግሩ የሚመጣው እግር መሄጃ ሲያጣ ነው።

እኔ ከማነሳው ፎቶ አብዛኛው ቤት ውስጥ ነው። ክርስትና፣ ልደት፣ አራስ ጥየቃ፣ ሽምግልና፣ ከአሜሪካ የመጣ ዘመድ ሻንጣ የሚፈታበት ቀን። ቤቱ ኮንዶሚኒየም ነው፤ ካልሆነም ግቢ ውስጥ ያለች ሰርቪስ ቤት። ግማሹን ክፍል ሶፋ ይዞታል። ባንድ በኩል ቡፌና ቴሌቪዥን አለ። መሀል ላይ ቄጠማ ተጎዝጉዞ ረከቦቱ ተቀምጧል። ለፎቶ አንሺ የቀረችው ቦታ በሩ አጠገብ ያለችው ጥግ ናት። እሷም ላይ ጫማ ተደርድሯል።

እስቲ ሂሳቡን እንሥራው። የብዙዎቻችን ካሜራ ክሮፕ ሴንሰር ነው፤ ማለትም ምስሉ የሚያርፍበት ሴንሰር ከድሮው የፊልም ፍሬም (ፉል ፍሬም ከሚባለው) ያነሰ ነው። ካኖን ከሆነ እይታውን 1.6 እጥፍ ያጠብበዋል፤ ኒኮንና ሶኒ ከሆነ 1.5። ስለዚህ 50 ሚ.ሜ ሌንስ ካኖን ክሮፕ ላይ ስትገጠም ፉል ፍሬም ላይ 80 የምታሳየውን ያህል ነው የምታሳየው። አንድ የቆመ ሰው ከራስ እስከ እግሩ፣ ካሜራውን በቁመት ይዛችሁ፣ ከላይም ከታችም ትንሽ ክፍት ቦታ ትታችሁ ለማንሳት 4.5 ሜትር ያህል መራቅ አለባችሁ። በ35 ከሆነ 3 ሜትር ከትንሽ ይበቃል። በ24 ሁለት ሜትር ከምናምን። በ85 ግን 7.5 ሜትር ይፈልጋል። ለዚህ የፊት ለፊቱን ጎረቤት በር ማስከፈት ነው።

የኛ ሳሎን በሰፊው በኩል 4 ሜትር አይሞላም። ሶፋው ሲቀነስ ደግሞ ታውቁታላችሁ።

ሱቅ ብትሄዱ ግን የምትባሉት «ወንድሜ፣ 50ዋን ውሰድ፣ አትቆጭም» ነው። ሰውየው አልዋሸም። 50ዋ ርካሽ ናት፣ ቀላል ናት፣ ፎቶዋም ጥርት ያለ ነው። የካኖን ኢኤፍ 50 ኤፍ 1.8 ኤስቲኤም 160 ግራም ብቻ ነው የምትመዝነው። ግን «ኖርማል» የሚለውን ስም ያገኘችው በፊልም ዘመን ነው። ላይካ በ1925 (እ.ኤ.አ.) ለገበያ ሲወጣ የተገጠመለት 50 ነበር። ያኔ ፍሬሙ 24 በ36 ሚሊ ሜትር ነው። ከዚያ ወዲህ ብዙ ሰው የያዘው ካሜራ ሴንሰሩ አነሰ፤ ምክሩ ግን እንዳለ ቀረ። በዚያ ላይ ዛሬ ምክሩን የሚሰጡን ዩቲዩበሮች ከኋላቸው ምን እንዳለ ተመልክታችሁ ታውቃላችሁ? የመኪና ጋራዥ የሚያህል ስቱዲዮ ነው። እነሱ ወደ ኋላ ሲራመዱ ግድግዳ አይመታቸውም።

እኔ ቤት ውስጥ የምሠራባት 24 ኤፍ 2.8 ናት። ካኖን በ2014 (እ.ኤ.አ.) ለክሮፕ ካሜራ ያወጣት ቀጭኗ። ክብደቷ 125 ግራም፣ ውፍረቷ 2.3 ሴንቲ ሜትር ገደማ። ካሜራው ላይ ስትገጠም ሌንስ ያለው አይመስልም። ሰዎችም ስለዚህ ብዙ አይደነግጡም። ኤፍ 2.8 መሆኗ ከ50ዋ አንጻር ብርሃኗን ከግማሽ በታች ያደርገዋል፤ አይኤስኦ 640 የነበረው ወደ 1600 ይወጣል። እውነት ነው። ግን ሌላውን ጎን እዩት። በ50 ኤፍ 1.8 አንድ ሰው ከአንድ ሜትር ተኩል ላይ ስታነሱ ጥርት የሚለው ጥልቀት 6 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው። ዓይን ሲጠራ ጆሮ ይደበዝዛል። ለአንድ ሰው ያምራል። ሶፋ ላይ ሦስት ሰው ሲቀመጥስ? አያት ወደ ፊት ዘንበል ብለዋል፣ እናት ተደግፋለች፣ ሕፃኑ ጭን ላይ ነው። 6 ሴንቲ ሜትር ለማን ትደርሳለች? በ24 ኤፍ 2.8 ከሁለት ሜትር ላይ ግን ከ70 ሴንቲ ሜትር በላይ ጥርት ይላል። ሦስቱም አሉ። ኋላ ያለችው የቡና ማሰሮ እንኳን ማሰሮ መሆኗ ይታወቃል።

ብለር የሚባለው ነገር ላይ ትንሽ ልናገር። ብዙ ሰው ፕራይም የሚገዛው ለብለሩ ነው። ኋላው ሟሙቶ ፊት ብቻ እንዲቀር። ለፕሮፋይል ፎቶ ጥሩ ነው። ግን የእናቴን ሳሎን አሟሙቼ ምን ላተርፍ ነው? ፎቶውን ከሃያ ዓመት በኋላ የሚያየው ሰው ፊቱን ብቻ አይፈልግም። ግድግዳው ላይ የተሰቀለችውን የምርቃት ፎቶ፣ የቴሌቪዥኑን ልብስ፣ ያን ጊዜ የነበረውን የመጋረጃ ቀለም ይፈልጋል። የድሮ አልበም ስናገላብጥ የምናወራው ስለ እነሱ አይደል?

ኤፍ 1.4 ይሻላል ወይ የሚሉም አሉ። ከ1.8 ወደ 1.4 መሄድ ብርሃኑን ወደ 1.6 እጥፍ ያሳድገዋል። ዋጋው ግን ከእጥፍ በላይ ይዘላል። ሙያችሁ ካልሆነ ይቅርባችሁ።

ከብርሃኑም ከሜትሩም በላይ ግን የምወደው ወሬው ነው። በሁለት ሜትር ርቀት ላይ ሆናችሁ ስታነሱ የጨዋታው አካል ናችሁ። ቡና የምትቀዳዋ ልጅ እያወራቻችሁ ነው። ስኒ ይደርሳችኋል፤ አንድ እጃችሁን ለቃችሁ ትቀበላላችሁ። ሲስቁ አብራችሁ ትስቃላችሁ፤ ያኔ ነው የምትነሳው። በዚያ ላይ 24ቷ እስከ 16 ሴንቲ ሜትር ድረስ ስለምትቀርብ ከመቀመጫችሁ ሳትነሱ ምጣዱ ላይ የሚንጣጣውን ቡና ማንሳት ትችላላችሁ። አንድ ነገር ብቻ ተጠንቀቁ። ፍሬሙ ጠርዝ ላይ ያለ ፊት ይለጠጣል። ትልቅ ሰው ጠርዝ ላይ አታስቀምጡ፤ መሀል ይሁኑላችሁ። ጠርዙ ለወጣት ነው፤ እነሱ አይከፋቸውም።

85ስ? አትግዙ አልልም። ጥር 10 ከተራ ላይ ታቦቱ ወደ ጃንሜዳ ሲወርድ ሕዝቡ መሀል መግባት የማይታሰብ ነው፤ ያኔ 85 ክሮፕ ላይ እንደ 136 ሆና ካህኑን ከነጥላው ታመጣላችኋለች። የምርቃት ሜዳ ላይም እንደዚያው። መንገድ ላይ ግን አልወዳትም። ሰውየው ሳያውቅ ከዚያ ማዶ ሆኖ ፊቱን መውሰድ ይከብደኛል። ጠይቆ ማንሳት የሚቻለው ድምፅ በሚደርስበት ርቀት ነው። በ85 «ይቅርታ እናቴ፣ አንዴ ላንሳዎት?» ለማለት መጮህ አለባችሁ።

ያገለገለ ለምትገዙ ሁለት ሦስት ነገር ልበልና ወደ ኤዲቱ ልሂድ። ኒኮን ዲ3000 እና ዲ5000 ተከታታይ ካሜራ የያዛችሁ፣ ቦዲው ውስጥ የፎከስ ሞተር የለም። ስለዚህ «ኤኤፍ 50 ኤፍ 1.8 ዲ» የምትባለው ርካሿ ሌንስ ትገጠማለች፤ ግን በራሷ ፎከስ አታደርግም። ሻጩ ላይነግራችሁ ይችላል። ለናንተ በ2009 (እ.ኤ.አ.) የወጣችው የዲኤክስ 35 ኤፍ 1.8 ትሻላለች፤ ሞተሯ ከራሷ ጋር ነው፤ ለሳሎንም ከ50 የተሻለች ናት። ማንኛውንም ሌንስ ከመግዛታችሁ በፊት የስልካችሁን ባትሪ አብርታችሁ በአንድ በኩል አስገቡና በሌላ በኩል እዩ። ትንሽ አቧራ ምንም አይደለም። ድር የሚመስል ነገር ካያችሁ ግን ሻጋታ ነው፤ ተዉት። የክረምቱ እርጥበት ነው የሚያመጣው። ቁም ሳጥን ውስጥ ተዘግቶ የከረመ ሌንስ ላይ ይበዛል። ጫማ ካርቶን ውስጥ የሚመጣውን እርጥበት መጣጭ ከረጢት አትጣሉ፤ ቦርሳችሁ ውስጥ ክተቱት።

አሁን ኤዲት።

አንዲት አክስት አለችኝ። የልጇ ምርቃት ላይ ፎቶ አንሺ ተቀጥሮ ነበር። ፎቶዎቹ በቴሌግራም መጡ። ስልኩን አቀረበች፣ አራቀች፣ መነጽሯን አደረገች። «ይሄ ማነው?» አለች። «አንቺ ነሽ እንጂ» አልኳት። «እኔ? ታዲያ ምን ቀቡኝ?» አለች። እውነቷን ነው። ጠይም ናት። ፎቶው ላይ ግን ፊቷ ብርቱካንማ ሆኗል። የግቢው ሣር ሣርነቱን ትቶ ድርቆሽ መስሏል። ሰማዩ ወደ ጥቁር አረንጓዴ ሄዷል። ማንም ኤዲት የሚያደርግ ሰው ወዲያው ያውቀዋል። ኢንተርኔት ላይ የሚሸጠው ያው ፕሪሴት ነው፤ ባንድ ንክኪ የሚጫን የተዘጋጀ ኤዲት። ብርቱካንማውን ግፋ፣ አረንጓዴውን አክስመው፣ ጥላውን ሰማያዊ አድርገው፣ ጥቁሩን አንሳው።

ያ ፕሪሴት መጥፎ ነው አልልም። ለሌላ ፊት የተሠራ ነው። ነጭ ቆዳ ላይ ብርቱካንማውን ትንሽ መግፋት ፀሐይ የነካው ያስመስለዋል። የኛ ቆዳ ግን ድሮም ሙሉ በሙሉ ያለው እዚያው ብርቱካንማና ቀይ ውስጥ ነው። ትንሽ ሲገፋ ወዲያው ይጮኻል። አንዳንዱ ፕሪሴት ደግሞ የብርቱካንማውን ሉሚናንስ (የቀለሙን ፍካት) ያነሳል፤ ፊት «እንዲፈካ»። ጠይም ፊት ላይ ያ መፍካት አይደለም፤ አመድ ነው።

ይህ ነገር አዲስ አይደለም። በፊልም ዘመን ኮዳክ ለፎቶ ማጠቢያ ቤቶች የቀለም ማስተካከያ ካርድ ይልክ ነበር። ካርዱ ላይ ያለችው ነጭ ሴት ናት። ሸርሊ ይሏታል፤ በመጀመሪያዋ ሴት ስም። ማሽኑ የሚስተካከለው የሸርሊ ቆዳ አምሮ እስኪወጣ ነው። እሷ አጠገብ ጥቁር ሰው ቢቀመጥ ጥርሱና ዓይኑ ብቻ ሊቀር ይችላል። ነገሩ መሻሻል የጀመረው ደግሞ በሰው አቤቱታ ብቻ አልነበረም። የቸኮሌትና የእንጨት ዕቃ አምራቾች ማስታወቂያቸው ላይ ቡናማው ከቡናማው አልለይ ስላላቸው ጭምር ነው ቅሬታ ያቀረቡት። የተለያየ ቆዳ ያላቸው ሴቶች አንድ ካርድ ላይ የወጡት በ1990ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ነው። ፕሪሴት ገዝቼ ስጭን ይህ ታሪክ ይመጣብኛል። ሸርሊ አሁንም ስላይደሩ (ኤዲት ላይ የሚጎተተው መቆጣጠሪያ) ውስጥ ያለች ይመስለኛል።

ስለዚህ «ስታይል» የሚባለውን ነገር የጀመርኩት ከቀለም ፋሽን ሳይሆን ከአክስቴ ፊት ነው። አንድ በር አጠገብ፣ ቀጥታ ፀሐይ በሌለበት፣ ነጠላዋን እንደለበሰች አነሳኋት። ፋይሉ ሮው ነው፤ ካሜራው ያላስተካከለው ጥሬ ፋይል። ከዚያ እሷን አጠገቤ አስቀምጬ ስክሪኑን ከፊቷ ጋር እያስተያየሁ ስላይደር ጎተትኩ። ትንሽ ቆይታ ሰለቻትና ቡና ልታፈላ ተነሳች። የቀረው ግን ዛሬም የምጠቀምበት ነው። የብርቱካንማ ሳቹሬሽን (የቀለሙን ድምቀት) በ8 ገደማ መቀነስ። ሉሚናንሱን አለመንካት። ሃይላይትን (በጣም የበራውን ክፍል) በ30 ገደማ ማውረድ። ጥቁሩን እንዳለ መተው። አለቀ። ፕሪሴትህን ሽጥልን የሚሉኝ አሉ። ምን ልሽጥ? በቴክስት ይላካል።

ጥቁሩን እንዳለ መተው ላልኩት ምክንያት አለኝ። ጥቁርን አንስቶ ፎቶውን የደበዘዘ ማስመሰል ለረጅም ጊዜ ፋሽን ሆኗል። ሹሩባ ላይ አድርጉትና እዩ። አንዷ ጉንጉን ከሌላዋ የምትለየው በመሀላቸው ባለችው ጥቁር መስመር ነው። እሷ ግራጫ ስትሆን ስንት ሰዓት የተሠራው ሹሩባ አንድ ላይ ይጠፋል።

ነጠላው የራሱ ጣጣ አለው። የካሜራው ብርሃን መለኪያ ያየውን ሁሉ መካከለኛ ግራጫ ለማድረግ የተሠራ ነው። ፍሬሙን ነጠላ ከሞላው «ኧረ ይሄ በጣም በራ» ብሎ ያጨልማል። ነጠላው ግራጫ ይሆናል፤ ፊት ደግሞ ይጠፋል። ከዚያ ኤዲት ላይ ጥላውን ስታነሱት ኖይዙ (ሻካራ ነጠብጣቡ) እና አመዱ አብሮ ይነሳል። መፍትሔው ሲነሳ ነው። ከሁለት ሦስተኛ እስከ አንድ ስቶፕ ጨምሩ፤ አንድ ስቶፕ ማለት ብርሃኑን እጥፍ ማድረግ ነው። ሂስቶግራሙ (ካሜራው የሚያሳየው የብርሃን ግራፍ) በቀኝ በኩል ግድግዳውን እስኪነካ አትጠብቁ፤ ሊደርስ ሲል አቁሙ። ሮው ከሆነ የነጠላው ድርና ማግ ከሃይላይቱ ውስጥ ይመለሳል። ጄፔግ ከሆነ የተቃጠለ ነጭ ተቃጥሎ ይቀራል።

ዋይት ባላንስ (ነጩ ነጭ እንዲሆን ቀለሙን ማስተካከል) ላይ ደግሞ ላይትሩም የሚባለው የኤዲት ፕሮግራም ውስጥ ያለችውን ጠብታ መሣሪያ ይዞ ነጠላ ላይ የሚጫን ብዙ ነው። ነጭ ነው ብሎ። የእጅ ፈትል ግን ሙሉ ነጭ አይደለም፤ ትንሽ ወደ ክሬም ይሄዳል። ፕሮግራሙ ያንን ክሬም ሊያጠፋ ሲል ፎቶውን በሙሉ ወደ ሰማያዊ ይገፋዋል። ፊትም አብሮ ይቀዘቅዛል። እኔ የምጫነው ጠርዝ ላይ የተጣለ ግራጫ ነገር ካገኘሁ ነው፤ ካልሆነ በዓይኔ። ፈትሉ ክሬም ሆኖ ቢቀር ደስ ይለኛል። ፈትል መሆኑ የሚታወቀው በዚያ ነው።

አረንጓዴንም አልነካም። ቄጠማ ስላለ። ጥበቡ ላይም አረንጓዴ አለ። ሳቹሬሽኑን ስታወርዱት ዛሬ የተጎዘጎዘው ቄጠማ የሦስት ቀን ይሆናል። ቤቱ እንግዳ መቀበሉን የሚናገረው ነገር እኮ ነው።

በኤዲት የማላሸንፈው አንድ ብርሃን አለ። የድግስ ድንኳን። ሸራው ቢጫ ከሆነ ሰው ሁሉ የታመመ ይመስላል፤ ሰማያዊ ከሆነ የበረደው። ሁለቱም ቀለም ተደርድሮ ከተሰፋማ ግማሽ ፊት እንዲህ ግማሽ ፊት እንዲያ ነው። ያኔ ጥቁርና ነጭ አደርገዋለሁ። ሰዎች «እንዴት ያለ አርት ነው» ይሉኛል። ሸራው ነው ጥበበኛው። ሙሽሮቹ ከፈቀዱ ግን ድንኳኑ አፍ ላይ አወጣቸዋለሁ፤ ከመጋረጃው ጥቂት ገባ ብለው፣ ፊታቸውን ወደ ውጭ አድርገው። ቤት ውስጥም የማደርገው ይህንኑ ነው። አምፖሉን አጥፉልኝ እላለሁ። አምፖሉ ቢጫ፣ ከበሩ የሚገባው ነጭ፣ ሁለቱን አንድ ላይ የሚያስታርቅ ስላይደር የለም። «በቀን ጨለማ ልታስቀምጠን ነው?» ይላሉ። በሩ ይከፈታል። ቡና የምታፈላዋ ወደ በሩ ትጠጋለች። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ 2,300 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ የቀትሩ ፀሐይ ውጭ ያለን ሰው የዓይን ጉድጓድ ጥቁር ያደርገዋል። ያው ፀሐይ ሲሚንቶው ላይ አርፎ በበሩ ሲገባ ግን ለስላሳ ነው።

«ስታይል» ሲባል ብዙ ሰው ከተነሳ በኋላ የሚጨመር ነገር ይመስለዋል። የኛን ሰዎች ሥራ እዩ። አዲስ ፎቶ ፌስት የሚባለውን የፎቶ ፌስቲቫል በ2010 (እ.ኤ.አ.) የጀመረችው አይዳ ሙሉነህ ፎቶዎች ላይ ያለው ያ ቀይና ሰማያዊ ከኮምፒውተር አልወጣም። ፊት ላይ የተቀባ ቀለምና የተሰፋ ልብስ ነው። ፎቶው ከመነሳቱ በፊት ተወስኗል። ግርማ በርታ ደግሞ በስልኩ የአዲስ አበባን መንገደኛ አንስቶ ከኋላው ያለውን ሁሉ ያወጣና ባንድ ደማቅ ቀለም ላይ፣ መሬት ላይ ካረፈው ጥላው ጋር ያቆመዋል። በ2016 (እ.ኤ.አ.) የጌቲ ኢሜጅስና የኢንስታግራምን ድጋፍ ካገኙት ሦስት ሰዎች አንዱ እሱ ነበር። እሱ ኤዲት ላይ ነው የሚሠራው። ግን የሚሠራው ነገር አንድ ነው፤ ሰውየውን ብቻ ማስቀረት። ሁለቱም ምን እንደሚያነሱ ካወቁ በኋላ ነው ቀለሙ የመጣው። እኔ ከእነሱ ተርታ አልገባም። ግን እኔም የማነሳውን አውቃለሁ፤ ጠይም ፊት፣ ነጭ ልብስ፣ ጠባብ ክፍል። ሌንሱም ስላይደሩም ከዚያ ወጣ።

እናንተ ሌላ ነገር ታነሱ ይሆናል። መርካቶ ጣና ላይ የጨርቅ ጥቅል የሚያነሳ ሰው የኔ የተቀነሰ ብርቱካንማ አይሠራለትም። ላሊበላ ቤተ ጊዮርጊስ ጉድጓዱ አፋፍ ላይ ቆሞ ጣሪያውን የሚያነሳ ሰው 24ም ሊጠበው ይችላል። ከመግዛታችሁ በፊት ስልካችሁን ክፈቱና ያለፈውን ዓመት ፎቶ ወደ ታች አውርዱት። ደጋግማችሁ ያነሳችሁት ምንድነው? ከስንት ሜትር? በየትኛው ብርሃን? ኪት ሌንስ ካላችሁ ደግሞ ፎቶው ላይ በስንት እንደተነሳ ተጽፏል። ብዙው 20ና 24 አካባቢ ሆኖ ሳለ 85 ለመግዛት መሮጥ ምን ይባላል?

መጨረሻ ላይ ስለ ማሳጠብ። ፎቶ ስልክ ላይ ብቻ ከቀረ ኤዲታችሁ ትክክል ይሁን አይሁን አታውቁም፤ የስክሪኑ ብርሃን ያታልላል። ኤዲት ስታደርጉ የስክሪኑን ብርሃን ግማሽ ላይ አድርጉት፤ አለበለዚያ ወረቀቱ ጨልሞ ይመጣል። ለፎቶ ቤቱ በቴሌግራም የምትልኩ ከሆነ እንደ ፎቶ አትላኩ፤ እንደ ፋይል ላኩት፤ ካልሆነ ይጨመቃል። ፎቶ ቤቶቹ ጋ ያለው ማሽን ደግሞ በራሱ ያስተካክላል። ነጭ የበዛበትን ያጨልማል፤ ጥቁር የበዛበትን ያፈካል። ያው የካሜራው መለኪያ በሌላ መልክ መጣ ማለት ነው። ነጠላ የለበሰች አክስት በጥንቃቄ ተነስታ፣ በጥንቃቄ ኤዲት ተደርጋ፣ እዚያ ስትደርስ ፊቷ ይጠፋል። ስለዚህ መጀመሪያ አንድ 10 በ15 ብቻ አሳጥቡ። «ማስተካከያውን አጥፉልኝ፣ እንዳለ ይውጣ» በሉ። «ወንድሜ፣ ትንሽ ብናፈካው አይሻልም?» ይሏችኋል። አይ በሉ። ወረቀቱን ይዛችሁ ወደ በሩ ሂዱና በቀን ብርሃን እዩት። ልክ ከሆነ ትልቁን እዘዙ።